ምንጣፍ፣ ጡብ፣ ማሰሪያና ጋቢ፦ የዮጋ መርጃ ዕቃዎች ሲመዘኑ

በአዲስ አበባ የስፖርት ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ውስጥ፣ ከክብደት ማንሻውና ከመሮጫ ጫማው ጎን፣ ለዮጋ ብቻ የተለየ መደርደሪያ ማየት አሁን ብርቅ አይደለም። በመደርደሪያው ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ከስፖንጅ ወይም ከቡሽ የተሠሩ ጡቦች፣ ዘለበት ያለው የጥጥ ማሰሪያ፣ ረጅምና ድፍን ትራስ፣ አንዳንዴም የጋሪ እግር የሚመስል የፕላስቲክ መንኮራኩር ይደረደራል። እነዚህን ዕቃዎች በየተራ ስመዝን በቀለማቸውና በማሸጊያቸው ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዕቃው ተጠቃሚው ስለ ገዛ ሰውነቱ ከዚያ በፊት ያላስተዋለውን ነገር ያሳውቀዋል ወይ? ያሳወቀውስ ነገር፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ከቆመ በኋላ፣ በቢሮ ወንበር ላይ፣ በወጥ ቤት ውስጥ ወይም ውኃ የተሞላ ጀሪካን በሚነሣበት ሰዓት ይሠራል ወይ?

መርጃ ዕቃዎቹ የዛሬ ገበያ የፈጠራቸው አይደሉም። አሁን ባላቸው መልክ እንዲስፋፉ ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት ሕንዳዊው የዮጋ መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፣ በዛሬዋ የካርናታካ ግዛት ውስጥ የተወለዱት አየንጋር በልጅነታቸው ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ የተፈራረቁባቸው ደካማ ብላቴና ነበሩ። ዮጋን በማይሶር ከእኅታቸው ባል ከክሪሽናማቻርያ ተማሩና ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ወደ ፑኔ ከተማ ለማስተማር ተላኩ። በዚያ ከተማ እያስተማሩ በኖሩባቸው ብዙ ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ጅማታቸው የጠነከረ፣ የታመሙ፣ ያረጁ ሰዎች ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ወጣት በሚደርስበት ቦታ እንዲደርሱ መሬቱን ወደ እጃቸው ከፍ ማድረግ፣ ክንዳቸውን በገመድ ማስረዘም፣ ጀርባቸውን በወንበር ማስደገፍ አስፈለገ። ጡቡና ማሰሪያው የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በፑኔ የተከፈተውና በሟች ባለቤታቸው ስም የተሰየመው ተቋም ይህንኑ አሠራር ለዓለም ያዳረሰ ሲሆን፣ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በዘጠና አምስት ዓመታቸው ሲያርፉ መርጃ ዕቃው ትምህርት ቤቱን ከማይከተሉ መምህራን ዘንድ ሳይቀር ተለምዶ ነበር።

ወደ ዕቃዎቹ ከመግባቴ በፊት በአገራችን ሳይጠየቅ የማይታለፈውን ጥያቄ ላንሣ። ዮጋ ከሕንድ የእምነትና የፍልስፍና ባህል የወጣ መሆኑ አይካድም፤ ዩኔስኮም በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በሕንድ ስም ነው፤ ውሳኔው የተላለፈውም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የእኛው የገዳ ሥርዓት በተመዘገበበት በአዲስ አበባው ጉባኤ ላይ ነበር። እኔ የምጽፈው ስለ አካል ሥራው፣ ስለ አተነፋፈሱና ስለ ዕቃዎቹ ነው። በሳንስክሪት የሚዜመውን ዜማ ማዜም ያልፈለገ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ ጨዋ መምህርም አያስገድደውም። በዚህም ቢሆን ኅሊናው የሚጠራጠር ሰው የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት አስተማሪውን ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

መመዘኛዬን ግን ከዚያው ከሕንድ ጥንታዊ ትምህርት ወስጃለሁ። ለጥንታዊው ሕንዳዊ ሊቅ ለፓታንጃሊ የሚሰጠውና ሁለት መቶ በማይሞሉ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች የተጻፈው የዮጋ ድርሳን ትክክለኛ እውቀት በሦስት መንገድ ይገኛል ይላል፦ በቀጥታ በማየትና በመዳሰስ፣ ከታየው ተነሥቶ በማገናዘብ፣ ከታመነ ምስክር በመስማት። ዛሬ ዮጋ የሚጀምር ሰው ችግሩ የምስክር ማነስ አይደለም፤ በስልኩ ውስጥ የሺህ መምህር ቃል አለው። የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው። «ጉልበትህን ቀጥ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ሰምቶ ጉልበቱን ወደ ኋላ እስኪቆለመም ድረስ የሚገፋ ሰው መረጃ አለው፤ ጉልበቱ ምን እየሆነ እንዳለ ግን አያውቅም። ጥሩ መርጃ ዕቃ የምለው ይህን ክፍተት የሚሞላውን፣ የተሰማውን ቃል በአካል እንዲረጋገጥ የሚያደርገውን ነው።

ከምንጣፉ ልጀምር፤ ከሁሉም ዕቃ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እርሱ ነውና። የተለመደው ምንጣፍ ወርዱ 61፣ ርዝመቱ 173 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅም ሰው 183 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ቢፈልግ ይሻለዋል፤ አለበለዚያ በጀርባው ሲተኛ ተረከዙ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ይቀራል። ዋናው ጉዳይ ውፍረቱ ነው። በብዙ ሱቆች «የዮጋ ምንጣፍ» ተብሎ የሚሸጠው፣ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ ምንጣፍ፣ እውነቱን ለመናገር ተኝተው ለሚሠሩት የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴ እንጂ ለዮጋ የተሠራ አይደለም። በእጅ ሲዳሰስ ስለሚመች ገዢው ይወደዋል። በአንድ እግር ሲቆሙበት ግን ቁርጭምጭሚት ይዋልላል፤ በእጅና በእግር ተደግፈው ዳሌን ወደ ላይ ሲያነሡም መዳፍ ይሰምጥና የእጅ አንጓ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል፤ ጉልበቱን መሬቱ የሚያመው ሰው ከጉልበቱ በታች የታጠፈ ጨርቅ ያድርግ እንጂ ምንጣፉን ሁሉ ፍራሽ አያድርገው።

የተሠራበት ነገርም ይለያያል። የፒቪሲ ፕላስቲክ ለዓመታት ይቆያል፣ ርካሽም ነው፤ አዲስ ሲሆን ግን ያንሸራትታል፣ ሲያረጅም መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል አስቸጋሪ ቆሻሻ ይሆናል። የተፈጥሮ ጎማ ከሁሉም የተሻለ ይይዛል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱን ጎማ ጎማ ያሸተዋል፣ ለላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰውም ሊቀርበው አይገባም። በሁለቱ መካከል ያለው ቲፒኢ የተባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ ቀላል ስለሆነ ተሸክመው ለሚመላለሱ ይመቻል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። በአገራችን ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት ስለ ፀሐይ ነው። ምንጣፍ ታጥቦ በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ መሰጣት የለመድነው ነገር ነው፤ የተፈጥሮ ጎማ ግን በከፍታችን ላይ ያለውን ብርቱ ፀሐይ አይችልም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በጥላ ማድረቅ ለምንጣፉም ለውኃውም ቁጠባ ነው።

የማይንሸራተተው ምንጣፍ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አውሮፓ ውስጥ ከወለል ምንጣፍ ሥር ይነጠፍ የነበረ ጎማ መሰል ሽፋን ተቆርጦ ለዮጋ እስኪውል ድረስ ሰዎች በጨርቅ ላይ ወይም በባዶ ወለል ላይ ይሠሩ ነበር። ይህን የማነሣው ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ብዙ የሚይዝ ምንጣፍ አንድ ነገር ስለሚሰውር ነው። እግሩን አራርቆ የቆመ ሰው ምንጣፉ እግሩን ስለያዘለት የጭን ጡንቻውን ሥራ አስፈትቶ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ አንዱን የቁም አሳና፣ ማለትም ቆመው የሚሠሩትን የዮጋ አቋም፣ በባዶ ወለል ላይ፣ በጥንቃቄና ከተለመደው ባጠረ እርምጃ መሞከር ይጠቅማል፤ እግሮቹ እየተራራቁ መንሸራተት ከጀመሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራውን ይሠራ የነበረው ምንጣፉ ነው ማለት ነው። ዝናብ በመታው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ወይም በታጠበ ደረጃ ላይ ስንራመድ የሚያቆመን እንዲህ ባለ ልምምድ የነቃው የጭንና የዳሌ ጡንቻ ነው።

ጡቡ ደግሞ ከመደርደሪያው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ የሚናቀው፣ በእኔ ሚዛን ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ነው። የተለመደው መጠን 23 በ15 በ10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ ጡብ ሦስት ቁመት አለው። ትሪኮናሳና የተባለውን የሦስት ማዕዘን አቋቋም እንውሰድ። ሰውዬው እግሮቹን አራርቆ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ አንድ እጁን ወደ መሬት፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። መሬት ለመንካት የቸኮለ ሰው መሬቱን ይነካል፤ ነገር ግን ደረቱ ወደ ታች ይዞራል፣ የወገቡ አንድ ጎን ይጨማደዳል፣ ትንፋሹም ያጥራል። ጡቡን በ23ቱ ቁመት አቁሞ እጁን ቢያሳርፍበት የጎድን አጥንቶቹ እንደገና ይከፈታሉ፣ አንገቱም ይረዝማል። የሚገርመው ልዩነቱን ለማስረዳት መምህር አያስፈልግም፤ ትንፋሹ ራሱ ይመሰክራል። በወራት ውስጥ ሰውነቱ ሲፈታ ወደ 15ቱ፣ ከዚያም ወደ 10ሩ ይወርዳል፤ በደከመበት ወይም እንቅልፍ ባጣበት ቀን ደግሞ ያለ እፍረት ወደ 23ቱ ይመለሳል።

«ያለ እፍረት» ያልኩት በምክንያት ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ አሠልጣኙ ጡቦቹን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ይኼ የጀማሪ ነው» ሲለን፣ ከመካከላችን ሁለት ልጆች የወለዱ እናትና ለዓመታት መኪና ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁላችንም መሬቱን ነካን፤ በትክክል የቆመ ግን ከሁለት ሰው አይበልጥም ነበር። ጡብን የድካም ምልክት አድርጎ ማየት በእኛ ባህል እንኳ መሠረት የለውም። ማሕሌት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙ ሊቃውንት መቋሚያቸውን ይደገፋሉ፤ በመቋሚያው ምክንያት ግን መቆም ያልቻሉ ናቸው ብሎ የሚያስብ ማንም የለም። መቋሚያው ለረጅሙ አገልግሎት ነው የተሠራው፤ ጡቡም እንዲሁ።

ከስፖንጅ የተሠራው ጡብ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ርካሹ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በሁለት አውራ ጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ ከሆነ ክብደት ሲያርፍበት ስለሚዘም ይቅር። የቡሽ ጡብ ላብ ሲነካውም አያንሸራትትም፣ ጸንቶም ይቆማል፤ ዋጋው ግን ከስፖንጁ በብዙ ይበልጣል። ሦስተኛው አማራጭ የሰፈር አናጢ ነው። መጠኑ ተጽፎ ከተሰጠው በደንብ ከደረቀ ዋንዛ ሁለት ጡብ ቆርጦ ጠርዛቸውን አለስልሶ ይሰጣል፤ እርጥብ እንጨት ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃልና መጠንቀቅ ያሻል። የእንጨቱ ጉድለት ጥንካሬው ነው። በጀርባ ተኝቶ ዳሌን አንሥቶ ጡቡን ከወገብ ግርጌ ካለው ሰፊ አጥንት ሥር በሚያስገቡበት ጊዜ፣ እንጨቱ በጨርቅ ካልተጠቀለለ አጥንት ያሳምማል። በዚሁ አጋጣሚ ቦታውን ማሳሳት ቀላል መሆኑን ላስታውስ፤ ጡቡ የሚገባው ከቀበቶ መታጠቂያው በታች እንጂ በወገቡ ሰርጓዳ ላይ አይደለም።

በዕለት ኑሮ ጡቡ የሚያገለግልበት ቦታ ከምንጣፉ ይልቅ ይሰፋል። የቢሮ ወንበሩ ከፍ ብሎበት እግሩ የሚንጠለጠል ሰው ሁለት ጡብ ከእግሩ ሥር ቢያደርግ ከጭኑ በታች ያለው ጫና ወዲያው ይቀልለዋል። ከዚያ በላይ ግን የሚጠቅመው ልማዱ ነው፤ መሬቱን ወደ እኔ ላምጣው ወይስ እኔ ወደ መሬቱ ልውረድ ብሎ መጠየቅን ያለማምዳል። ከሳጥን ታች ድስት ለማውጣት የሚጎነበስ፣ ልጁን ለማጠብ ገንዳ ላይ የሚያጎነብስ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዳውን ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ይችል ነበር።

ማሰሪያው ላይ ረጅም አልናገርም። ሱቅ ያለው ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ1.8 እስከ 2.4 ሜትር የሆነ የጥጥ ጥብጣብ ሲሆን ጫፉ ላይ የብረት ዘለበት አለው። ዘለበቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን እናቶቻችን ወገባቸውን የሚታጠቁበት መቀነት ከእርሱ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ቆዳም አይቆርጥም፤ ቋጠሮ ማሰር ለሚችል ሰው ሌላ ማሰሪያ አያስፈልገውም። ነጠላ ግን ስስ ስለሆነ እየተሳበ ይረዝማል፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አጠቃቀሙም ቀላል ነው፦ በጀርባ ተኝቶ አንዱን እግር መሬት ላይ ዘርግቶ፣ መቀነቱን በሌላው እግር መዳፍ ላይ አድርጎ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ወደ ላይ ማንሣት ነው። እዚህ ላይ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ምን ያህል አጭር እንደሆነ፣ ወገቡም ከመሬቱ የሚነሣው በየትኛው ማዕዘን ላይ እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል።

ይህን ያወቀ ሰው ጀሪካን ሲያነሣ ያገናዝብ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የጭኑ ጡንቻ አጭር የሆነ ሰው ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ከጎነበሰ ዳሌው መዞር ስለማይችል የሚታጠፈው ወገቡ ነው፤ ሸክሙም እዚያው ላይ ያርፋል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ዳሌውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጀሪካኑን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ቢያነሣ ግን ክብደቱን የሚሸከሙት የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ይሆናሉ። እዚህ ላይ በዮጋ ክፍል የሚሰማው «ጉልበትህን ቀጥ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ጎጂ ምክር ይሆናል። አንድን ትምህርት ማወቅና የማይሠራበትን ቦታ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ምሳሌ የለም።

ለዮጋ ተብሎ የሚሸጠውን ብርድ ልብስ ግዙ ብዬ ለማንም አልመክርም፤ በየቤታችን ጋቢ አለና። ባለ አራት ድርቡ፣ በእጅ የተፈተለው ጥጥ ሲታጠፍ ጠንካራና ደልዳላ ይሆናል፤ የፋብሪካው ለስላሳ ብርድ ልብስ ግን ክብደት ሲያርፍበት ይሟሽሻል። እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ የሚንጠለጠልበት ሰው በታጠፈ ጋቢ ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ዳሌው ወደ ፊት ይዞራል፣ ጀርባውም ያለ ትግል ቀና ይላል። ይኸው ጋቢ ተጠቅልሎ ከወንበር መደገፊያ ጋር ወገብ ላይ ሲደረግ በኮምፒውተር ፊት የሚዋልበትን ረጅም ሰዓት ያቀልላል።

ሳርቫንጋሳና በተባለው በትከሻ መቆም ላይ ጋቢው ከምቾት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ተጠንቅቀው የታጠፉ ሦስት ጋቢዎች ተደራርበው ትከሻ በእነርሱ ላይ፣ ራስ ግን ዝቅ ብሎ መሬት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ በዚህም አንገት የሚታጠፍበት ማዕዘን ይሰፋል፣ ክብደቱም በትከሻና በክንድ ላይ ይወድቃል። ያለ ድጋፍ በባዶ ምንጣፍ ላይ የሚሠራው ግን የሰውነቱን ክብደት ወደ አንገት አጥንቶቹ ይልካል። በስልክ በሚታዩ ቪዲዮዎች ላይ ይህ ድጋፍ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው ቀጥ ብሎ የቆመው እግር ነው። ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያልሆነ ወይም የአንገት ዲስክ ችግር ያለበት ሰው ጋቢ ቢኖረውም እንኳ ይህን አቋም ይተወው፤ ተገልብጦ መቆም በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋልና። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ሐኪሟንና ልምድ ያለው መምህር ሳታማክር አትጀምረው።

ረጅሙ ትራስ በሱቅ ውስጥ ከፍተኛ ዋጋ ከሚጠየቅባቸው ዕቃዎች አንዱ ሲሆን፣ በደንብ የተጠቀጠቀ የቤት መከዳ ያለው ሰው ግን አያስፈልገውም። ወንበሩ ደግሞ ከየትኛውም ቤት አይጠፋም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ ከዋለች በኋላ እግሯ ሲያብጥ፣ በጀርባዋ ተኝታ ባቶቿን ወንበር ላይ እንድታሳርፍ፣ ከራሷ ሥርም ጋቢ እንድታደርግ አሳየኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ይኼማ ልጄ፣ ዱሮ ከገበያ ስንመለስ ግድግዳ ላይ እግራችንን የምንሰቅለው አይደለም እንዴ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልዩነቱ በወንበሩ ላይ ጉልበት ስለሚታጠፍ ወገብ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ማረፉ ነው፤ ግድግዳው ግን የጭን ጡንቻው አጭር ለሆነ ሰው ወገቡን ያነሣበታል። በቤት የነበረውን ልማድ መናቅም፣ ያለ ምንም ማሻሻያ መያዝም አያስፈልግም።

ትራሱን ወይም የታጠፈውን ጋቢ በርዝመቱ ከአከርካሪ ሥር አድርጎ ደረትን ከፍቶ መተኛት ለትንፋሽ ልምምድ የታወቀ ዝግጅት ነው። እዚህ ላይ የከፍታ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት በቅርቡ የተመለሰ ሰው እዚያ የለመደውን የትንፋሽ ቆጠራ እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ለመድገም ቢታገል ራሱን ያዞረዋል፤ በቪዲዮ የሚቆጥረው መምህርም የት ከተማ ሆኖ እንደሚቆጥር አይነግረውም። ቆጠራውን አሳጥሮ፣ ትንፋሽ ማቆየቱን ትቶ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ከሚገባው ትንሽ ማስረዘም ይበቃል። በጾም ወቅትም እንዲሁ ነው፤ ባዶ ሆድ ለልምምድ የተመቸ ቢሆንም ከረፋድ በኋላ የመገልበጥና የፍጥነት ልምምድ ከማድረግ ይልቅ በትራስ የተደገፉትን መምረጥ ተገቢ ነው። ትንፋሽን ማስረዘም ከሁሉም በላይ ከምንጣፉ ውጭ የሚያገለግል ትምህርት ይመስለኛል፤ ቁጣ በተቀሰቀሰበት የስልክ ንግግር መካከል ማንም ሳያይ ሊሠራበት ይችላልና። ቁጣው ተገቢ ከሆነ ከሦስት ረጅም ትንፋሽ በኋላም ተገቢነቱ አይጠፋም፤ የሚለወጠው የምንመልስበት ቃል ነው።

ሱቆቹ ምንጣፍ፣ ሁለት ጡብና ማሰሪያ በአንድ ቦርሳ አድርገው መሸጥ ይወዳሉ። ጥቅሉ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በውስጡ ያለው ምንጣፍ ያ ወፍራሙና ለስላሳው፣ ጡቡም ያ የሚጎደጉደው ሆኖ ይገኛል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም፤ በጥቅሉ ገንዘብ አንድ ደኅና ምንጣፍ ገዝቶ ጡቡን ለአናጢ ማዘዝ፣ የቀረውን ከቁም ሣጥን ማውጣት ግን የተሻለ ይመስለኛል።

የቀረው መንኮራኩሩ ነው። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ጀርባን በላዩ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ለመለመጥ የታሰበ ሲሆን፣ በፎቶግራፍ ላይ ያምራል። ችግሩ መንከባለሉ ነው። በጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው የላይኛው ጀርባው ግትር፣ ወገቡና አንገቱ ግን ልል ናቸው፤ መንኮራኩሩ ሲንከባለል የሚለመጠው ቀድሞ የላላው እንጂ የደረቀው አይደለም፤ ተጠቃሚውም ልዩነቱን አይሰማውም። ጠንከር ተደርጎ የተጠቀለለ ጋቢ ከብብት ትይዩ፣ ከትከሻ አጥንቶች ጫፍ ሥር ተደርጎ ቢተኙበት አይንከባለልም፤ መለመጥ ያለበትን ቦታ ብቻ ይለምጣል፣ ቢያምም ወዲያው ተነሥቶ አንድ ዙር መፍታት ይቻላል። መንኮራኩሩን ልምድ ያለው መምህር ከጎኑ ሆኖ ለሚይዘው ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አልመክርም፤ ለጀማሪ በስጦታ መስጠትማ ፈጽሞ አይገባም።